በብሪታኒያ የኤሌክትሪክና የጋዝ አቅራቢ ሲቀይሩ የቆጣሪዎን ንባብ መላክ ለምን ያስፈልጋል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 31 ቀን 2022 በብሪታኒያ የበርካታ ትልልቅ የኤሌክትሪክና የጋዝ አቅራቢ ድርጅቶች ድረ ገጾች ተጨናንቀው አገልግሎት መስጠት አቅቷቸው ነበር።

ምክንያቱ የመረጃ ጠላፊዎች ጥቃት አልነበረም። ደንበኞች ቆጣሪያቸውን አንብበው ቁጥሩን ለመላክ በአንድ ጊዜ ስለተረባረቡ ነው።

በማግስቱ፣ ኤፕሪል 1፣ ለመኖሪያ ቤቶች የተቀመጠው የኃይል ዋጋ ጣሪያ በ54 በመቶ ከፍ እንደሚል ታውቆ ነበር። አማካይ ፍጆታ ያለው ቤተሰብ የዓመት ወጪ ከ1,277 ፓውንድ ወደ 1,971 ፓውንድ የሚያሻቅብበት ቀን ነው። እስከ እኩለ ሌሊት የተጠቀሙበት ኃይል በቀድሞው ዋጋ እንዲሰላላቸው የፈለጉ ሁሉ በእጃቸው የነበረው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን ቆጣሪው ላይ የሚታየው ቁጥር።

ያን ዕለት አገር ሙሉ የተጨነቀበት ጉዳይ፣ አንድ ቤተሰብ የኃይል አቅራቢውን በቀየረ ቁጥር በጸጥታ ይደገማል። በዚህኛው ጊዜ ግን የሚያስታውስ ዜና የለም። ቁጥሩን መዝግቦ የሚይዝ ሰው ከሌለ ቦታውን ግምት ይወስደዋል፤ ግምቱ ከእውነቱ በራቀ ጊዜም ሂሳቡ የሚመጣው ለቤቱ ባለቤት ወይም ለተከራዩ ነው።

ሻጩ ይቀየራል፣ ሽቦው አይቀየርም

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ነገሩ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። አገር ቤት የኤሌክትሪክ ሻጩ አንድ ነው፤ ብዙ ሰው ዛሬም «መብራት ኃይል» እያለ የሚጠራው። ቆጣሪ አንባቢው በር አንኳኩቶ ቁጥሩን መዝግቦ ይሄዳል፤ የካርድ ቆጣሪ ያለው ደግሞ ሄዶ ካርዱን ያስሞላል። ሻጭ ማማረጥ የሚባል ነገር የለም።

በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ግን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መኖሪያ ቤቶች ኤሌክትሪክም ሆነ ጋዝ ከየትኛው ድርጅት እንደሚገዙ ራሳቸው ይመርጣሉ። ገበያውን የሚቆጣጠረው ኦፍጄም የተባለው ተቋም ነው። ሰሜን አየርላንድ የራሷ ገበያና የራሷ ተቆጣጣሪ ስላላት ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደንቦች እሷን አይመለከቱም። በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገራትም ነዋሪው አቅራቢውን መምረጥ ይችላል፤ ዝርዝሩ ይለያይ እንጂ የንባቡ ነገር እዚያም አለ።

አቅራቢ ሲቀየር የሚለወጠው በሂሳብ መጠየቂያው ላይ ያለው ስምና የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ነው። ሽቦው፣ የጋዝ ቧንቧውና ቆጣሪው ባሉበት ይቆያሉ። ባለሙያ ወደ ቤት አይመጣም፤ መብራትም ለአፍታ አይጠፋም። ቆጣሪው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደገና መቁጠር አይጀምርም። በአጭሩ፣ ቆጣሪው ስለ ዝውውሩ የሚያውቀው ነገር የለም።

ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቆጣሪው ሳያቋርጥ የሚቆጥረውን ፍጆታ አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ከፍሎ «እስከዚህ የቀድሞው ድርጅት ነው፣ ከዚህ በኋላ የአዲሱ ነው» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት ሂሳብ

ለማስረዳት ያህል ለንደን ውስጥ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። ከቀድሞው ድርጅት የሚገዛው ኤሌክትሪክ በኪሎ ዋት ሰዓት 28 ፔንስ ነበር፤ አዲሱ ድርጅት በ24 ፔንስ ሊሸጥለት ተስማማ። ዝውውሩ በተፈጸመበት ቀን ቆጣሪው 24600 ላይ ነበር፤ ነገር ግን ያየው ሰው የለም። ስለዚህ በቀድሞ ፍጆታው ተመሥርቶ ግምት ተሠራለትና 25000 ተብሎ ተመዘገበ።

ግምቱ ከእውነተኛው በ400 ይበልጣል። ቤተሰቡ 400ውን ኪሎ ዋት ሰዓት ገና አልተጠቀመበትም፤ ግን በቀድሞው ዋጋ 112 ፓውንድ ይጠየቅበታል። አዲሱ ድርጅትም ይህንኑ 25000 መነሻ አድርጎ ከያዘ፣ ያንን 400 ዳግመኛ አያስከፍልም። ቤተሰቡ በአዲሱ ዋጋ 96 ፓውንድ መክፈል ሲገባው 112 ስለከፈለ የደረሰበት ጉዳት 16 ፓውንድ ነው። ያናድዳል፤ ነገር ግን ቤት አያፈርስም።

አሁን ደግሞ ቤተሰቡ ዘግይቶም ቢሆን ትክክለኛውን 24600 ለአዲሱ ድርጅት ላከ እንበል፤ አዲሱም ተቀበለው። የቀድሞው ድርጅት ግን የመጨረሻውን ሂሳብ በ25000 ዘግቶ ጨርሷል። በዚህ ጊዜ ያው 400 ኪሎ ዋት ሰዓት በሁለቱም ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ቤተሰቡ ለአንድ ኃይል ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ኪሳራውም ከ16 ወደ 112 ፓውንድ ያድጋል።

ከሁለቱ ሁኔታዎች የምንረዳው ነገር አለ። ግምት ሁልጊዜ ትልቅ ዘረፋ አይደለም፤ አንዱ ድርጅት በትርፍ ያስከፈለውን ሌላው ይቀንሰዋል። ጉዳቱ የሚከፋው ሁለቱ ድርጅቶች ሂሳባቸውን በተለያየ ቁጥር ሲዘጉና ሲከፍቱ ነው። የቀድሞው ድርጅት የዘጋበት ቁጥርና አዲሱ የጀመረበት ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ከብዙ ገጾች የሂሳብ ዝርዝር ውስጥ ደንበኛው ጊዜ ወስዶ ማመሳከር ያለበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ግምቱ ከእውነቱ ሲያንስስ? የቀድሞው ሂሳብ ቀለል ብሎ ይመጣና የአዲሱ ድርጅት የመጀመሪያ ሂሳብ ይከብዳል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ርካሽ ነው ተብዬ ገብቼ ተታለልኩ» ብሎ ያማርራል። እንዲያውም ከላይ ባነሳነው ምሳሌ መሠረት ጥቂት ፓውንድ አትርፎ ሊሆን ይችላል፤ ያስደነገጠው በቀድሞው ድርጅት ጊዜ የተጠቀመበት ኃይል ወደ አዲሱ ሂሳብ መሻገሩ ነው።

ግምት የሚሠራው ቤቱ ከዚህ ቀደም በተመሳሳይ ወቅት ምን ያህል ይጠቀም እንደነበር በማየት ነው። ስለዚህ ኑሮው ያልተለወጠ ቤተሰብ ግምቱ ብዙም አይርቅበትም። ልጅ የተወለደለት፣ ዘመድ እንግድነት የመጣበት ወይም ሥራውን ከቤት መሥራት የጀመረ ሰው ግን ግምቱ ያንስበታል። ለገና አገር ቤት ሄዶ ሁለት ወር የቆየ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ ቤቱ ቀዝቅዞና ጨልሞ ሳለ፣ ግምቱ የብርዱን ወራት ማሞቂያ ጭምር አስቦ ያስከፍለዋል።

መቼ ይነበባል? ለማንስ ይላካል?

ከጁላይ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አሠራር ዝውውሩ፣ ደንበኛው ሌላ ቀን ካልመረጠ በቀር፣ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ቀደም ሲል እስከ ሦስት ሳምንት ይወስድ ነበር። ደንበኛው ውሉን በገባ በ14 ቀናት ውስጥ ሐሳቡን የመለወጥ መብት አለው።

አዲሱ ድርጅት የዝውውሩን ቀን በኢሜይል ወይም በደብዳቤ ያሳውቃል፤ ንባቡንም ራሱ ይጠይቃል። አብዛኞቹ ድርጅቶች ከዝውውሩ ቀን ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ወይም ዘግየት ብሎ የተወሰደ ንባብ ይቀበላሉ፤ አምስት ቀን የተለመደ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን በዕለቱ የተወሰደው ነው። ዝውውሩ በእኩለ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የሚጀምር ቢሆንም ለዚህ ተብሎ ከእንቅልፍ መነሳት አያስፈልግም። በዚያ ቀን ጠዋት የታየው ቁጥር ይበቃል።

የቆጣሪውን ፎቶ ማንሳት የግድ ነው ለማለት እንደፍራለን። በፎቶው ውስጥ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በቆጣሪው ፊት ላይ የተጻፈው መለያ ቁጥርም መታየት አለበት፤ ያለዚያ ፎቶው የማን ቆጣሪ እንደሆነ አይታወቅም። ስልኩ ቀኑን በራሱ ይመዘግባል። ከወራት በኋላ ክርክር ቢነሳ፣ «በዚያ ቀን ይህን ያህል ነበር» ከማለት ይልቅ ፎቶውን ማሳየት እጅግ ይሻላል።

ቀኑ ካለፈ በኋላ ያስታወሰ ሰው ቁጥሩን በራሱ ግምት ቀንሶ መላክ የለበትም። ያየውን ቁጥርና ያየበትን ቀን እንዳለ ቢናገር ማስላቱ የእነሱ ሥራ ነው።

ንባቡ የሚላከው ለአዲሱ ድርጅት ነው። እሱ በቀጥታ ሂሳብ ላይ አያውለውም። ቁጥሩ ከቤቱ የቀድሞ ፍጆታ ጋር ተመሳክሮ ሊሆን የሚችል መሆን አለመሆኑ ይጣራል፤ ከዚያ ለቀድሞው ድርጅት ይተላለፋል፤ የቀድሞው ድርጅትም በዚሁ ቁጥር የመጨረሻውን ሂሳብ ይዘጋል። ቁጥሩ ከተለመደው በጣም ከራቀ ማጣሪያው ላይ ወድቆ በግምት ሊተካ ይችላል። ደንበኛው ንባብ ልኮ ሳለ በሂሳቡ ላይ ሌላ ቁጥር የሚያገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የቀድሞው ድርጅትም የመዝጊያ ንባብ ቢጠይቅ መስጠት ይቻላል። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ለሁለቱም የሚሰጠው ቁጥር ያው መሆን አለበት። ለአንዱ ሰኞ፣ ለሌላው ዓርብ የተነበበ ቁጥር መስጠት ከላይ ያየነውን ክፍተት በገዛ እጅ መፍጠር ነው።

ቆጣሪ ማንበብ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው ድርጅቶቹ ዘንድ ሳይሆን ቆጣሪው ፊት ለፊት ነው።

ተራው የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ቁጥሮቹን በአንድ መስመር ያሳያል። ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ መጀመሪያ ላይ ያሉት ዜሮዎች አብረው ይጻፋሉ። ከነጥብ በኋላ ያለው ወይም በቀይ የተከበበው አሃዝ ግን አይጻፍም። ይህን አንድ አሃዝ ጨምሮ መላክ ፍጆታውን አሥር እጥፍ ያደርገዋል።

ሌሊትና ቀን የተለያየ ዋጋ ያላቸው ቆጣሪዎች አሉ፤ «ኢኮኖሚ 7» በመባል የሚታወቀው ለሰባት የሌሊት ሰዓታት የቀነሰ ዋጋ የሚያስከፍለው ነው። እነዚህ ሁለት ንባብ አላቸው፤ ሁለቱም መላክ አለባቸው። የትኛው የሌሊቱ፣ የትኛው የቀኑ እንደሆነ በግልጽ መለየት ያሻል። ከተገላበጡ ርካሹ በውዱ፣ ውዱ በርካሹ ይሰላል፤ የአንዳንድ ቤቶች ሂሳብ ለዓመታት እንዲህ ተገላብጦ ሲሰላ ይቆያል።

በአሮጌ ቤቶች ደግሞ እንደ ሰዓት በመርፌ የሚጠቁሙ ትናንሽ ክቦች ያሉት ቆጣሪ ይገኛል። ጎን ለጎን ያሉት ክቦች የሚዞሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ዓይንን ያሳስታሉ። መርፌው በሁለት ቁጥሮች መካከል ከሆነ ትንሹ ይጻፋል፤ በ9 እና በ0 መካከል ከሆነ የሚጻፈው 9 ነው። መርፌው ልክ ቁጥር ላይ ቆሞ፣ በስተቀኙ ያለው ክብ 9 የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ አንድ ይቀነሳል፤ ምክንያቱም በስተቀኝ ያለው ዙሩን ገና አልጨረሰም።

የጋዝ ቆጣሪ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከፋል፤ የሚለካው ኃይልን ሳይሆን የጋዙን መጠን ነውና። አዲሶቹ በሜትር ኩብ ይቆጥራሉ፤ ከነጥቡ በፊት አብዛኛውን ጊዜ አምስት አሃዝ አላቸው። አሮጌዎቹ ባለ አራት አሃዝ ሆነው በኩብ ጫማ ይቆጥራሉ። በአሮጌው ቆጣሪ አንድ ቁጥር መቶ ኩብ ጫማ ማለት ነው፤ ይህም 2.83 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ድርጅቱ መጠኑን ወደ ኪሎ ዋት ሰዓት ለመለወጥ፣ አሮጌ ቆጣሪ ከሆነ በ2.83 ያበዛል፤ ቀጥሎ 1.02264 በተባለ ማስተካከያና ጋዙ ሲቃጠል በሚሰጠው የሙቀት መጠን አባዝቶ ለ3.6 ያካፍላል። ዝርዝሩን ማስታወስ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ እንደሚሰጥ ማወቅ በቂ ነው። በቆጣሪው ላይ የሜትር ኩብ ምልክት እያለ ሂሳቡ በኩብ ጫማ የተሠራ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ለተጠቀመበት ጋዝ ሦስት እጥፍ ገደማ እየከፈለ ነው ማለት ነው። አቅራቢ ሲቀየር መረጃው ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ስለሚሻገር፣ በቆጣሪው ላይ የተጻፈውን መለኪያ በአዲሱ የመጀመሪያ ሂሳብ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው።

«እኔ ስማርት ቆጣሪ አለኝ፤ ይህ ሁሉ አይመለከተኝም» የሚል አይጠፋም። በከፊል እውነት ነው። ስማርት ቆጣሪ ንባቡን በራሱ ይልካል። ሆኖም ከመጀመሪያው ትውልድ ስማርት ቆጣሪዎች ብዙዎቹ ቀደም ባሉት ዓመታት አቅራቢ ሲቀየር ግንኙነታቸው ይቋረጥና እንደ ተራ ቆጣሪ ሆነው ይቀሩ ነበር። ሁለተኛው ትውልድ በአንድ የጋራ መረብ ስለሚገናኝ ከየትኛውም አቅራቢ ጋር ይሠራል ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ እሱም ቢሆን ሲግናል የማያገኝበት ቤት አለ። ወጥ ቤት ውስጥ የሚቀመጠው፣ በፓውንድና በፔንስ ወጪን የሚያሳየው ትንሽ ስክሪን ቆጣሪው አይደለም። ንባብ የሚወሰደው ከራሱ ከቆጣሪው ነው፤ ቁጥሩ እስኪመጣም ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።

ቆጣሪው የእርስዎ ነው?

ጥያቄው ያስቃል፤ ግን የሚጠየቅበት ምክንያት አለ። በአፓርታማ ሕንፃዎች የሁሉም ቤቶች ቆጣሪዎች ምድር ቤት ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። የተለጠፈባቸው የቤት ቁጥር ሊለቅ፣ ወይም ከመነሻው ተሳስቶ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ቤት ተከፋፍሎ ሦስት አራት መኖሪያ ሲወጣው ደግሞ ግራ መጋባቱ ይብሳል።

በሂሳብ መጠየቂያው ላይ የቆጣሪው መለያ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። በቆጣሪው ፊት ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ዝውውሩን ከመጀመር በፊት ለድርጅቱ መናገር ያሻል። ከዚህ ሌላ የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር የሚለይ ባለ 13 አሃዝ ቁጥር፣ ለጋዙም የራሱ ቁጥር አለ። እነዚህ የደንበኛ ቁጥርም የስልክ ቁጥርም አይደሉም። አዲሱ ድርጅት የሚያዛውረው በእነዚህ የተመዘገበውን መስመር በመሆኑ፣ ስሕተት ከተፈጠረ የጎረቤት ቤት ሳያውቅ ወደ ሌላ ድርጅት ሊዛወር ይችላል። እንዲህ ሲሆን ደንበኛው ወደ ነበረበት ድርጅት እንዲመለስ የማድረግ ግዴታ የድርጅቶቹ ነው።

ቆጣሪውን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ የቆጣሪው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ማቆሟን ማየት፤ ከዚያ ብዙ ኃይል የሚስብ ዕቃ አብርቶ መፍጠኗን መመልከት ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ያለው ቤት ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አያስፈልገውም።

ተከራዮች ብዙ ጊዜ አቅራቢ የመቀየር መብት የአከራዩ ብቻ ይመስላቸዋል። ሂሳቡ የሚመጣው በተከራዩ ስም ከሆነና የሚከፍለውም እሱ ከሆነ፣ መምረጥ የሚችለው ተከራዩ ነው። ሂሳቡ በአከራዩ ስም ሆኖ ከኪራዩ ጋር የሚታሰብ ከሆነ ግን ውሳኔው የአከራዩ ይሆናል። አዲስ ቤት የገባ ሰው፣ ቤቱን አስቀድሞ ሲያቀርብ የነበረው ድርጅት ደንበኛ ሆኖ ይጀምራል፤ ስለዚህ ቁልፍ በተረከበበት ቀን፣ ሻንጣውን ሳይፈታ የቆጣሪውን ፎቶ ቢያነሳ የቀድሞውን ተከራይ ዕዳ ከመሸከም ይድናል። ሲለቅም እንዲሁ።

የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያላቸው ሰዎችም አቅራቢ መቀየር ይችላሉ። ዕዳቸው ለኤሌክትሪክ ከ500 ፓውንድ፣ ለጋዝም እንዲሁ ከ500 ፓውንድ ካልበለጠ፣ ዕዳውን ይዘው የመዛወር ዕድል አላቸው። አዲሱ ድርጅት የራሱን ቁልፍ ወይም ካርድ ከላከ በኋላ ግን በአሮጌው መሙላት የለባቸውም፤ ገንዘቡ ወደ ቀድሞው ድርጅት ሊሄድ ይችላል።

አቅራቢው ራሱ ቢከስርስ?

በ2021 እና በ2022 የጋዝ የጅምላ ዋጋ ሲያሻቅብ ወደ 30 የሚጠጉ አቅራቢዎች በብሪታኒያ ከገበያ ወጥተዋል። ደንበኞቻቸው ጨለማ ውስጥ አልቀሩም። እንዲህ ያለ ነገር ሲከሰት ኦፍጄም ሌላ ድርጅት ይሾማል፤ ደንበኛውም ምንም ሳያደርግ ይዛወራል፤ በሂሳቡ ውስጥ የነበረው ተራፊ ገንዘብም ይጠበቅለታል።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ሁለት ነገር ነው። የቆጣሪውን ንባብ ወዲያውኑ መውሰድ፣ ከዚያም አዲሱ ድርጅት እስኪያነጋግር መጠበቅ። ተደናግጦ በራስ ወደ ሌላ ድርጅት መዝለል የተራፊ ገንዘቡን ጉዳይ ያወሳስበዋል። የከሰረ ድርጅት መዝገብ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ስለሚዘበራረቅ፣ ደንበኛው በእጁ ያለው ፎቶ ያን ጊዜ ዋጋው ከፍ ይላል።

ቁጥሮቹ ሳይገናኙ ሲቀሩ

የቀድሞው ድርጅት ከዝውውሩ በኋላ በስድስት ሳምንት ውስጥ የመጨረሻውን ሂሳብ መላክ አለበት። ለደንበኛው የሚመለስ ገንዘብ ካለ ደግሞ ከመጨረሻው ሂሳብ በኋላ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ ይኖርበታል። በእነዚህ የጊዜ ገደቦች ያልተገኘ ድርጅት ደንበኛው ሳይጠይቅ ካሳ ይከፍላል፤ መጠኑ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ 40 ፓውንድ ነው፤ ከዚያ በፊት 30 ነበር።

የመዝጊያውና የመክፈቻው ቁጥር ካልተመሳሰሉ፣ ወይም ሁለቱም ተመሳስለው ከእውነተኛው ንባብ በእጅጉ ከራቁ፣ ቅሬታው በቅድሚያ ለአዲሱ ድርጅት ቢቀርብ ይመረጣል። ሁለቱ ድርጅቶች በአንድ ቁጥር የሚስማሙበት የታወቀ ሥርዓት አለ፤ አስጀማሪውም አዲሱ ነው። አንዱ «ወደ እነሱ ሂድ»፣ ሌላው «ወደ እነዚያ ተመለስ» እያለ ደንበኛውን ቢያመላልስ፣ በዚህ ሥርዓት መሠረት እንዲፈታለት በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው «የዝውውር ንባቡን እከራከራለሁ» ነው። ፎቶው፣ የዝውውሩን ቀን የሚገልጸው ደብዳቤና ሁለቱ ሂሳቦች አብረው ይላካሉ።

ቅሬታው በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ ኢነርጂ ዕንባ ጠባቂ ሊወሰድ ይችላል። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ደንበኛው ውሳኔውን ከተቀበለው ድርጅቱ የመፈጸም ግዴታ አለበት። ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው ድርጅትም በነፃ ያማክራል።

ለዓመታት በግምት ሲሰላ የኖረ ቤት፣ እውነተኛው ንባብ ሲደርስ ከባድ ውዝፍ ሊወርድበት ይችላል። ለዚህም ገደብ አለ። ጥፋቱ የድርጅቱ እስከሆነ ድረስ ከ12 ወራት በፊት ለተጠቀሙበትና በወቅቱ በትክክል ላልተጠየቁበት ኃይል አሁን መጠየቅ አይፈቀድለትም። ቆጣሪ አንባቢን ደጋግሞ በር የዘጋ ደንበኛ ግን በዚህ ደንብ አይጠቀምም።

ቋንቋ ችግር የሆነባቸው ሰዎች አማራጭ አላቸው። እያንዳንዱ አቅራቢ ተጨማሪ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ደንበኞች የሚመዘግብበት የቅድሚያ አገልግሎት መዝገብ ይይዛል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች፣ እንዲሁም በእንግሊዝኛ መግባባት የማይችሉ ሰዎች በነፃ ሊመዘገቡበት ይችላሉ። ቆጣሪው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆኖ መድረስ ያልቻሉ፣ ወይም ቁጥሩን ማየት ያቃታቸውና ሌላ የሚያነብላቸው ሰው የሌላቸው ደንበኞች፣ ድርጅቱ በየጊዜው ሰው ልኮ እንዲያነብላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ምዝገባ ግን ከቀድሞው ወደ አዲሱ ድርጅት ስለመሻገሩ እርግጠኛ ከመሆን ይልቅ፣ ዝውውሩ እንዳለቀ ለአዲሱ መንገር ይሻላል።

በባንክ በኩል በየወሩ የሚቆረጠውን የቀድሞውን ድርጅት ክፍያ ደግሞ የመጨረሻው ሂሳብ መጥቶ፣ ቁጥሩ ከፎቶው ጋር እስኪመሳከርና ተራፊ ገንዘብ ካለ እስኪመለስ ድረስ አለመሰረዝ ይመከራል። የቀድሞው ድርጅት መተግበሪያ ከመዘጋቱ በፊትም ያለፉትን ሂሳቦች አውርዶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።